ነጭ ቪኒል አልቋል

ለውድ ወንድሜ ለልዑልቃል፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ጂንካ ያለነው በጌታ ቸርነት ደህና ነን።

በቅድሚያ ማፈሪያዬን ልንገርህ። የመዘምራኑን ቲሸርት ስሠራ ስምህን በኮምፒውተር ግራና ቀኙን ሳላገላብጥ ለመቁረጫ ማሽኑ ሰጠሁት። ፊደሉ የተቆረጠበትን ቪኒል ጨርቁ ላይ ተኩሼ መሸፈኛ ላስቲኩን ስልጠው ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ወጣ። የመዘምራን አለቃችን ፀደይ በሳቅ ሞተች።

"ደግሞ ለሌለ ሰው ማን አዘዘሽ?" አለችኝ።

"ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?" አልኳትና ሌላ ቆረጥሁ።

ትናንት፣ ከአንተ ጋር በኦሞራቴ ድንበር በኩል ከአገር የወጣው የበረከት እናት፣ እትዬ ሽታዬ፣ ጥቁር ቲሸርቶች ይዘው መጡ።

"የበረከቴን ስም በነጭ ጻፊልኝ፤ ለቅሶ ለሚቀመጡት ነው" አሉኝ።

እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኳቸው። ስለ አንተ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ነጭ ቪኒል አልቋል አልኳቸው። የነጩ ጥቅል ግን ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

"ይሁን ልጄ፣ ነገ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ።

ይህን ደብዳቤ ኦሞራቴ ለሚወርድ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ስልክህን ስትከፍት ደውልልኝ። ቲሸርትህን አጥፌ አስቀምጬልሃለሁ። እትዬ ሽታዬ ሲመለሱ ምን እንዳልኳቸው ደግሞ እጽፍልሃለሁ።

ጌታ በመንገድህ ሁሉ ይቅደም።

እህትህ አረጋሽ