«ቀኑ ደርሶ ነው» ስላልኩበት ሰኞ፣ ለሃርተንሞር የበረዶ ሆኪ ክለብ ፕሬዝዳንት

ለክቡር ዶክተር ቪንፍሪድ አልተሆፍ
የሃርተንሞር የበረዶ ሆኪ ክለብ ፕሬዝዳንት
ጀርመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ጉልበትዎ ፈጣን ማገገምን፣ ለቤተሰብዎ ጤናን፣ በመጪው ዓመት መቶኛ ዓመቱን ለሚያከብረው ክለብዎም ያማረ ድግስን እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ለጠየቀ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሠፈር ከአንዲት ልጄ ጋር ደኅና ነኝ። «ደኅና ነኝ» ማለት እኛ ዘንድ የሰላምታ ወግ እንጂ የሐኪም ማስረጃ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ፤ የወግ ቃላችንን እንደ ማስረጃ የመያዝ ልማድ በክለብዎ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ማንነቴ ቢጠፋብዎ አይፈረድብዎትም። ባለፈው ወር ለስብሰባ ከፍራንክፈርት መጥተው እዚህ ላስ ቬጋስ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ሲያርፉ፣ ከአውሮፕላኑ በር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀብላ እስከ ታክሲው ተራ ድረስ የገፋችዎት ሴት እኔ ነኝ። ስሜ ብርቅታይት ይባላል፤ ደረቴ ላይ ተጽፎ ነበር። የፓስፖርቱ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ አብረን ቆየን፤ እርስዎም ጊዜው እንዲገፋ ብለው የክለብዎን የመቶ ዓመት ታሪክ በመልካም እንግሊዝኛ ተረኩልኝ።

ያማረ ታሪክ ነው፣ አልዋሽም። በ1926 አንድ ሥጋ ሻጭና አንድ የትምህርት ቤት መምህር ውሃው ወደ በረዶ በተለወጠ የዓሣ ኩሬ ላይ እንደጀመሩት፣ ከጦርነቱ በኋላ ተጫዋቾቹ ከአሮጌ ፍራሽ በተሰፋ መከላከያ እግራቸውን እየሸፈኑ እንደተጫወቱ፣ በ1970 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለመላው አገር ሁለት ትልልቅ የሆኪ ክለቦች ይበቃሉ ብሎ ሲወስን ክለብዎ ወርዶ ሃያ ዓመት የፋብሪካ ሠራተኞች መዝናኛ ሆኖ እንደኖረ፣ ግንቡ ሲፈርስ ተነሥቶ ተጫዋቾችን በደመወዝ እንደቀጠረ፣ በ1999 ከስሮ በአዲስ ስምና በአሮጌ ማልያ ዳግም እንደተመሠረተ፣ በ2013 ደግሞ ከፍተኛው ሊግ እንደገባ አንድ በአንድ ነገሩኝ። «ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ የተነሣ ክለብ ነው» ሲሉ ድምፅዎ ተሰብሮ ነበር። ለክለብ እንዲህ የሚያዝን ሰው በማየቴ ልቤ ተነካ።

አንዷን ዓመት ብቻ በችኮላ አለፏት። «በ2012 ትንሽ የቴክኒክ ችግር አጋጥሞን አንድ ግጥሚያ ሁለት ቀን ዘገየ፤ ከዚያ ወዲያ ስድስት ተከታታይ አሸነፍን» አሉና ከየት አገር እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኩዎት። ደስ ብሎዎት «እኛም እኮ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረን! ጥሩ በረዶ ይሠራ ነበር» አሉኝ። እኔም «እንዴት ደስ ይላል» ብዬ ወንበሩን መግፋቴን ቀጠልኩ።

ያ ኢትዮጵያዊ ኪዳኔ ይባላል። ባሌ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ያሰፈርኩት ለፋይል እንዲመችዎ ነው።

፩. መልኬን ስለረሱልኝ አመሰግናለሁ። ሰኞ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2012፣ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሳሉ፣ ከጠበቃዎና ከአንዲት አስተርጓሚ ተማሪ ጋር ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው፣ ሻይዬን ጠጥተው፣ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ልጅ ሳለሁ ስለ ጦር የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አውሮፕላኑ በር ላይ ፊትዎን ሳየው ወዲያው አወቅኩዎት፤ እርስዎ ግን ቦርሳዎን አቀብለውኝ «ቀስ አድርገሽ ያዢው» ብቻ አሉኝ።

፪. ባሌን ሃያ አንድ ዓመት ስላሠሩት አመሰግናለሁ። ኪዳኔ በ1987 የማቀዝቀዣ ሙያ ሊማር በመንግሥት ተልኮ ምሥራቅ ጀርመን ገባ፤ ሲመረቅ እዚያው ከተማ ቄራ ውስጥ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹን ይጠብቅ ነበር፤ ቄራው ሲዘጋ ክለባችሁ ቀጠረው። እርስዎ «ጥሩ በረዶ» ብለው በሁለት ቃል የጨረሱትን እኔ ጥቂት ላስረዝመው። የመጫወቻ በረዶ ውሃ ደፍቶ መጠበቅ አይደለም፤ ስስ ውሃ ይረጫል፣ እስኪጠና ይጠበቃል፣ እንደገና ይረጫል፣ እንዲህ እየተባለ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። «በረዶ ችኮላ አይወድም» እያለ ተንበርክኮ በጥፍሩ ይፈትነው ነበር። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የጨዋታውን ሕግ አልተማረም፤ ማን አሸነፈ ስለው «እኔ እንጃ፣ መሐሉን ግን ክፉኛ ቧጠውታል» ነበር መልሱ። ልጃችን አርያም የተወለደች ጊዜ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ በሁለተኛው ቀን በረዶውን ሊያይ ሹልክ አለ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ዛሬ ያ ኩርፊያ ራሱ ይናፍቀኛል።

፫. ስለ እሑድ አመሰግናለሁ። በ2012 መከር ኪዳኔ፣ በረዶውን የሚያቀዘቅዘው አሞኒያ የተባለው መርዘኛ ጋዝ የሚያልፍበት ቧንቧ መዝጊያው አርጅቶ ማፍሰስ እንደጀመረ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከተ፤ አዳራሹ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ይጠገን ሲል ለመነ። ሦስቱንም ጊዜ የመጣለት መልስ «ከእሑዱ ግጥሚያ በኋላ» የሚል ነበር። ከእያንዳንዱ እሑድ በኋላ ሌላ እሑድ እንደሚመጣ የሊጉ ሠንጠረዥ ስለሚያረጋግጥ፣ ይህን የመሰለ አርቆ አሳቢ መልስ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ዓርብ ኖቬምበር 16 ከቀትር በፊት ቧንቧው ለቀቀ። ኪዳኔ ማጣሪያው ጊዜው ያለፈበት ጭንብል አጥልቆ ማሽን ክፍሉ ገባ፤ መዝጊያውን ዘጋው፤ አልወጣም።

በደንብ ስለዘጋው በረዶው አልቀለጠም። የእሑዱ ግጥሚያ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ፤ ለተመልካቹ «በቴክኒክ ምክንያት» ተባለ፤ እናንተም ባሌ ገና ሳይቀበር፣ ባሌ በሠራው በረዶ ላይ፣ አራት ለአንድ አሸነፋችሁ። ሐኪሙ «ልቡ ቆመ» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ማን አለ?

፬. ይህኛው ምስጋና ይከብደኛልና ቢረዝም ይታገሡኝ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከብዶት እንዳይሄድ ሐዘንተኛው መልሶ ያጽናናዋል። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ እናንተም ደከማችሁ» ይባላል። ወንድሙ በመኪና የተገጨበት ይለዋል፤ ልጇ በሐኪም ስሕተት የሞተባት እናትም ትለዋለች፤ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ገጪው ነጻ ነው» የሚል ኢትዮጵያዊ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ያን ሰኞ አንገትዎን ደፍተው ተክዘው ሳይዎት አሳዘኑኝ። እኔ፣ እርስዎ አሳዘኑኝ! እናም «ቀኑ ደርሶ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ራስዎን አያስጨንቁ» አልኩዎት። ተማሪዋ በታማኝነት ተረጎመች፣ ጠበቃዎ በታማኝነት ጻፈ፣ ወረቀቱን አቀረቡልኝ። ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ስም የሚመዘገብበት መስሎኝ ፈረምኩ። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው! በዚያች ፊርማ የባሌ ፋይል ተዘጋ።

ነገሩ የገባኝ ኪዳኔ ከተቀበረ ከወራት በኋላ ነው። ተመልሼ ሄጄ «እንዲያ ማለቴ አልነበረም» ማለት አፈርኩ፤ በአፌ የወጣውን እንዴት ልካደው ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲቪ ሲደርሰኝ ልጄን ይዤ ወደዚህ መጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ውስጡን ሲበላ ከርሞ ነቅዟል።

፭. ስለ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። እርስዎን ታክሲ አሳፍሬ ሺፍቴን ስጨርስ የክለቡን ድረ ገጽ ከፈትኩ፤ የመቶኛ ዓመቱ መጽሐፍ ረቂቅ፣ ሰው አስተያየት ይስጥበት ተብሎ ተለጥፏል። ገጽ 214 በስልኬ ሳስተረጉመው እንዲህ ይላል፦ «በኖቬምበር 2012 በቴክኒክ ምክንያት አንድ ግጥሚያ ለሁለት ቀን ተላለፈ። በዚያው ሳምንት የረጅም ጊዜ ሠራተኛችን ኪዳኔ በተፈጥሮ ሞት ተለየን፤ ባለቤቱ እንደገለጹት ቀኑ ደርሶ ነበር።» «በዚያው ሳምንት» የምትለዋን ሐረግ ያገኘው ጸሐፊ ሽልማት ይገባዋል፤ ባሌንና ቧንቧውን ተገናኝተው እንደማያውቁ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ገጹን ኮምፒዩተሩ ላይ ክፍት ትቼው ኖሮ አርያም በስልኳ አስተርጉማ አነበበችው። አባቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል፤ «አባትሽ ሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት ሞተ» ብዬ ነው ያሳደግኳት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ማሚ፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያልሽው? ሪሊ ሳይን አድርገሻል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሶ ወይ ለነሱ ዋሽተሻል፣ ወይ ለኔ ዋሽተሻል» አለች። የለቅሶ ወግ ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ ግን እዚህ ያደገች፣ የሚናገሩትን ማመን የለመደች ልጅ ናት፤ «ካላመንሽበት ለምን ትያለሽ?» አለችኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ራቷን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። እኔ ብቻዬን ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ። ክቡር ሆይ፣ ባሌን ወሰዳችሁት፤ ልጄን እንኳ በአንዲት መስመር አትውሰዱብኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። በእናንተ ቋንቋ የተማርኩት አመሰግናለሁና ይቅርታ ማለት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ሁለቱም አይበቁኝም። ባለፈው ጊዜ አስተርጓሚ ያመጣችሁት እናንተ ስለነበራችሁ፣ ዘንድሮም የለመዳችሁትን ድካም አልነፍጋችሁም።

አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚያበቃ፣ አስተያየቴ የሚከተለው ነው። ኪዳኔን አመስግኑልኝ፣ ፎቶውን አዳራሹ ውስጥ ስቀሉልኝ አልልም። የሰጠሁትን ቃል ግን አንሥቻለሁ። በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣ ማንንም ሳላጽናና እመሰክራለሁ፦ የኪዳኔ ቀን አልደረሰም ነበር። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጤነኛ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ለልጁ የመጀመሪያዋን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሊገዛላት ቃል ገብቶ ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው ቀኑ በራሱ አይደርስም፤ ያደርሱታል። ገጽ 214 ላይ ይህን ይጻፉልኝ። አይሆንም ካሉ ደግሞ «ባለቤቱ እንደገለጹት» የምትለዋን ያውጡልኝና በራስዎ ስም ይዋሹ።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ስላነበቡ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ክለብዎ ሁለተኛውን መቶ ዓመት የሰው ሕይወት ሳያስከፍል ይጀምር ዘንድ እየጸለይኩ፣ ጉልበትዎም ድኖ ማንም ሳይገፋዎት በራስዎ እግር እንዲሄዱ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት እገልጻለሁ።

ብርቅታይት፣ የኪዳኔ ሚስት
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ግልባጭ፦
ለክለቡ ደጋፊዎች ማኅበር
ለመጽሐፉ አዘጋጅ
ለዚያች አስተርጓሚ ተማሪ፣ የትም ትሁን። የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት የአርያምን በር አንኳኩቼ አነበብኩላት። ያልገባትን ቃል እየጠየቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ማሚ፣ ቱ ፖላይት ነው። አሁንም እያጽናናሽው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስለዚህ ጥቂት መስመር ያለ ወግ ልጨምር። አልተሆፍ፣ ቧንቧው እንደሚያፈስ ታውቅ ነበር። ሦስተኛውን ማመልከቻ «ከእሑዱ ግጥሚያ በኋላ» ብለህ በገዛ እጅህ ፈርመህ ነው የመለስክለት። ወረቀቱን ከሥራ ልብሱ ኪስ አግኝቼ አንተን ላለማሳፈር አሥራ ሦስት ዓመት ደብቄልህ ነበር። አሁን በልጁ በአርያም እጅ ነው።