ያላስተማርሁት ምዕራፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ከሰዓት።

አሁንም እርማት ላይ ነኝ። ጠቅላላ ፊዚክስ፣ የጋራ ፈተና፣ አርባ ጥያቄ። የጤናዎቹን ጨረስሁ፤ ደህና ናቸው። ጂኦሎጂዎቹ እንደ ነገሩ። ግብርናዎቹ፣ ሴክሽን 4፣ ጉድ ናቸው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት። ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ። ድሮም ፊዚክስ ምን ሊያደርግልን የሚሉ ናቸው። ለጤናዎቹ ስለ ደም ግፊት፣ ለጂኦሎጂዎቹ ስለ ድንጋይ፣ ለእነሱ ስለ ቀንበርና ማረሻ እያልሁ ያንኑ ትምህርት ሦስት ቦታ ስለፈልፍ ከረምሁ። እነሱ ዓይናቸውን ከስልክ አያነሱም። ተናደድሁ፣ ደብተሬ። ሰነፎች አልሁ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ጠዋት።

ሌላ ነገር አየሁ። ሴክሽን 4 የሚስቱት በየቦታው አይደለም። ከ22 እስከ 35 ነው። አሥራ አራት ጥያቄ፣ ሁሉም የፈሳሾች ምዕራፍ። በቀረው ከጂኦሎጂዎቹ አያንሱም።

ፈሳሾችን አላስተማርኋቸውም።

ልጻፈው እንጂ፣ ለማን እነግራለሁ። ታኅሣሥ ላይ ለአጎቴ ለቅሶ ወጥቼ ደጀን ላይ መንገድ ተዘጋ፤ ዘጠኝ ቀን ቀረሁ። ስመለስ ለቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት ጠራሁ። ማስታወቂያውን በቢሮው ዋይፋይ በቴሌግራም ለቀቅሁት፣ የልጆቹ ዳታ ተቋርጦ እንደሰነበተ እያወቅሁ። ከአርባ ሁለት ተማሪ ሦስት መጡ። ደሜ ፈላ። ለሦስት ሰው አላስተምርም ብዬ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። በቀሩት ተናድጄ የመጡትን ቀጣሁ። ሌላ ቅዳሜም አልጠራሁም።

ከዚያ የሽፋን ቅጽ መጣ። ከትምህርቱ ምን ያህሉ ተሰጠ ይላል። መቶ በመቶ ብዬ ፈረምሁ። ሁላችንም መቶ በመቶ ነው የምንፈርመው፣ እጃችን ለምዶታል። ፈተናውን ሳወጣ ደግሞ የጤናዎቹን ማስታወሻ ይዤ ነበር። ሴክሽን 4 ትዝም አላለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5።

ለደረጀ ነገርሁት። የት/ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ በአንድ ዓመት ነው የተቀጠርነው። ጥያቄዎቹ ለሴክሽን 4 ይሰረዙ፣ ወይ አስተምሬ ዳግም ልፈትን አልሁት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አንተ ቅጼ ሐሰት ነው ካልህ የሁላችንም ቅጽ ይመረመራል አለኝ። ልጆቹ ገና ፍሬሽ ናቸው፣ ከርሞ ደግመው ይወስዱታል አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ልሰማ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር መሰለኝ። ውጤቱን አስገባሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ጾም ገባ።

ውጤት ተለጠፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ይታይሽ መጣች። የሴክሽን 4 ተማሪ፣ የጉንደ ወይን ልጅ። ያን ቅዳሜ ከመጡት ከሦስቱ አንዷ። በፊዚክስ ኤፍ አላት። ኤፍ ያገኙት ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ በሌላው ትምህርት ተደግፈው ተርፈዋል። እሷ ሒሳቡም ከብዷት ስለነበር አማካይ ውጤቷ ከማለፊያው በትንሽ ወረደ። ከግቢ ተሰናባች ናት።

አልከሰሰችኝም። የፈሳሾችን ምዕራፍ ራሳችሁ አንብቡ ብለውን እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆን ወይ አለችኝ።

አዎ፣ ብያችሁ ነበር አልሁ።

አመስግናኝ ወጣች። ምሳ አልበላሁም፤ በጾሙ ምክንያት አይደለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። አራት ሰዓት።

አባቷ መጡ። መሪጌታ ጥበቡ፣ ጉንደ ወይን ላይ ድጓ ያስተምራሉ። ጥምጥማቸው አቧራ ጠጥቷል። ወንበር ብሰጣቸው እርስዎ ይቀመጡ አሉኝ፤ በዕድሜ ልጃቸው እሆናለሁ። ሊለምኑኝ አልመጡም። እኔም አስተማሪ ነኝ አሉ። በእኛ ዘንድ ተማሪው የያዘውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አናሳልፈውም፤ መምህሩ ጨርሷል ብሎ ከመሰከረለት በኋላ ማንም አይጠይቅም። እርስዎንም አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ አሉኝ፤ ልጄ ትጥር ነበር ወይስ ትለግም ነበር? የሚሉኝን አምናለሁ።

በሩ ክፍት ነበር። ደረጀ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

ብዙም አትጥርም ነበር አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉ። እውነቱን አሉኝ እኮ። በመስኮት አየኋቸው፤ ይታይሽ ብርድ ልብሷን በማዳበሪያ ከታ ዛፍ ሥር ትጠብቃለች።  ማዳበሪያውን አንሥተው ተሸከሙና ቀድመዋት ሄዱ። ወራዳ ነኝ። እዚህ ላይ ይጻፍ።

ዓርብ፣ የካቲት 13።

ሁለተኛ ሴሚስተር። አዲስ ሴክሽን፣ ኬሚስትሪዎች። ስም መጥራቱን መሐል ላይ አቆምሁ። አንዱ ተማሪ አሞዎታል ወይ አለኝ። አላመመኝም አልሁ። ለደረጀ ነገ ጉንደ ወይን እሄዳለሁ አልሁት። ተው አለኝ፣ ልጆች አሉህ አለኝ። አዎ፣ አሉኝ። እነሱም ይማራሉ፣ የሆነ አስተማሪ ዘንድ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። አሥር ሰዓት፣ ሚኒባስ እስኪሞላ።

ሄድሁ። መሪጌታ በደቀ መዛሙርታቸው መሐል ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ተነሡ፤ ደስታቸው ገደለኝ። ሳልቀመጥ ነገርኋቸው። ምዕራፉን፣ ቅዳሜዋን፣ ፊርማውን፣ ለይታይሽ አዎ ያልሁትን፣ አትጥርም ያልሁትን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።  ይታይሽን ጠሯትና ለእኔ ያሉኝን ለእሷም ይንገሯት አሉ። ተማሪዎቻቸው ይሰማሉ። አንድም ሳላስቀር ደገምሁት።

የጓሮውን ግድግዳ ስትመርግ ነበር፣ እጇ ጭቃ ነው። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ፣ «እኔስ እውነትም ሰነፍ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አለች።  ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

መሪጌታ እስከ መንገድ ሸኙኝ። ትመለስ ይሆን አልኋቸው። በቃልዎ ከእንግዲህ አላምንም፣ የጻፉትን አሳዩኝና ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ አሉኝ። ረጋ ብለው ነው ያሉኝ። ይገባኛል።

እሑድ፣ የካቲት 15። ረፋድ።

ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው። ለዲኑ፣ ግልባጭ ለሬጅስትራር፣ ግልባጭ ለት/ክፍሉ። ሁለት ጊዜ ቀደድሁት። በመጀመሪያው ላይ በመንገድ መዘጋት ምክንያት ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው በኔትወርክ ችግር። አሁን ምክንያት የለውም። ሳላስተምር አስተማርሁ ብዬ ፈርሜአለሁ፤ ሴክሽን 4 ተምሮ ዳግም ይፈተን፤ ይታይሽ ጥበቡ ወደ ትምህርቷ ትመለስ። ሦስት መስመር ሆነ።

ደረጀ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም። ያግባባኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ አንደበቱ ጥሩ ነው፣ እኔም ሰበብ አላጣም። ስለዚህ አሁኑኑ ፈረምሁበት። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማኅተም አስመትቼ አንዱን ግልባጭ ለመሪጌታ እልካለሁ።

በር ተንኳኳ። እሱ ነው፣ በሳሉ አወቅሁት። ልክፈትለት። ደብዳቤውን ግን መጀመሪያ ሸሚዜ ውስጥ ልክተተው።