ስህተት የሌለባቸው ትራሶች

ሰኞ፣ ጥር 6
ከጠዋት ጀምሮ ስፌት። ስድስቱም ትራሶች አለቁ፣ ሽቦውም ውስጣቸው ገባ። ልጅ በፈለገው ቅደም ተከተል ቢረግጣቸው የሚስማማ ዜማ ይመልሳሉ። ስህተት የሚባል ነገር የለም። ሦስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ብቻ ነው።
ኮረንቲ የምንለው ጓደኛዬ ግን... ሽቦውና ፕሮግራሙ የሱ ሥራ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ዛሬም ያው ነገር። "ልጅ ካልተሸነፈ ይሰለቻል።" "አንተ ልጅ ሳይሆን ወታደር ነው የምታሠለጥነው" አልኩት። ሳቀ። እሺ አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 9
የእህቴን ልጅ ከእናቷ ጋር አመጣኋት። ሰባት ዓመቷ ነው። መምህሯ በየቃሉ ስታርማት ጊዜ ክፍል ውስጥ መናገር ትታለች። ደንባችን የታወቀ ነው፦ ልጅ ሲሞክር አዋቂ አይናገርም፣ "ጎበዝ" እንኳ አይባልም። አፋችንን ይዘን ጥግ ላይ ተቀመጥን። ረገጠች... ቆመች... ረገጠች። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረች። እህቴ አለቀሰች፤ እኔም።
ሲወጡ ኮረንቲ የቃላት ዝርዝር ሰጠኝ። "ዝም ብለሽ አንብቢልኝ፣ ማይክሮፎን ልፈትሽ ነው።" አነበብኩለት። ምን ቸገረኝ?

ማክሰኞ፣ ጥር 21
ጉንፋን ጣለኝ። ኮረንቲ ደወለ፦ "አንቺ ተኚ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።" እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?

ዓርብ፣ ጥር 24
የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶች ሊያዩ መጡ። እንድታሳያቸው ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። ጫማዋን ራሷ አወለቀች። ሁለት ትራስ ረገጠች። ሦስተኛው ላይ አንድ ድምፅ፦ "ስህተት ነው። እንደገና።"
የኔ ድምፅ።
ዞር ብላ አፌን አየች። ደግማ ረገጠች። "ስህተት ነው።" ወረደችና ጫማዋን ግራና ቀኙን አዛብታ አደረገች።
ሰዎቹ ወደዱት። ነጥብም ይይዛል፣ አሉ። ኮረንቲን ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።
"መቼ ነው ያደረግከው?"
"ታመሽ ሳለሽ። ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?"
"በኔ ድምፅ?"
"ልጆች ድምፅሽን ይወዱታላ።"
ከድቶኛል። ሌላ ስም የለውም። 

እሁድ፣ ጥር 26
ኮረንቲ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። ከእንግዲህ ምን እንባባላለን?
እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷን አስቀምጬ አስረዳኋት፦ ያ ማሽኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ድምፄን ሳልፈቅድ ወስደውብኝ ነው። ራሷን ነቀነቀች። የገባት መሰለኝ።
ከእህቴ ጋር ወጥ ቤት ሳለን ከሳሎን ማንጎራጎሯ ተሰማ። ቀስ ብዬ በሩ ጋ ሄድኩ... ምንም አላልኩም፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር። አየችኝና አቆመች።
"ተሳሳትኩ እንዴ፣ አክስቴ?" አለችኝ።