ፊቴን ያነበበችው ልጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲሱ የፈተና ሳጥን፣ የልጆችን ማሰብ የሚለካው፣ ዛሬ እኔ ክፍል ገባ። ሥልጠናው አለቀ፣ ከእንግዲህ ለብቻዬ እፈትንበታለሁ። ውስጡ ባለቀለም ሥዕሎች፣ ካርዶች፣ የእንጨት ቁርጥራጮች… እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ቦታ ላይ ጎዶሎ ነው። ከሥሩ ስድስት የሥዕል ቁራጮች ተደርድረዋል። ልጁ ጎዶሎውን የሚሞላውን በጣቱ ያሳያል። በቃ።

ንግግር የለም። ልጁም አይናገርም፣ ፈታኟም አትናገርም። ጎዶሎውን በጣት መንካት፣ መዳፍን በቁራጮቹ ላይ ማሳለፍ፣ ከዚያ ትከሻን ሰበቅ አድርጎ በዓይን "የትኛው ነው?" ማለት። መናገር ለሚያቅታቸው፣ አፋቸው ለማይታዘዝላቸው ልጆች የተሠራ ነው። ሐሳባቸው ከምላሳቸው ጋር አብሮ እንዳይቀበር።

ለነሱስ ጥሩ። ለእኔስ? ከእናቴ ሆድ እያወራሁ የወጣሁ ሴት!

እራት ላይ በባሌ ተለማመድኩ። ያቀረብኩለትን ሥዕል ሁሉ እያወቀ አበላሸብኝ። ዝም ብዬ ቻልኩት። በመጨረሻ ሹካውን አስቀምጦ "ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም። ይሄ ሳጥን እዚሁ ቢቀርስ?" አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሁለት ልጆች ፈተንኩ። ሁለቴ አመለጠኝ፣ "ጎሽ!" ብዬ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እኔን አላየም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አባት፣ እናትና ልጅ መጡ። አባት የቤት ቀለም ቀቢ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል። እናት ዳቦ ቤት ትሠራለች። ልጅቷን ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነው የሚሏት። ሰባት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ደህና ነው ተብሏል። ከአፏ የሚወጣው ግን "እም" ብቻ ነው። ከንፈሯም ምላሷም አልታዘዝ ብለዋት።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተፈትናለች። ጥያቄው በቃል፣ መልሱም በቃል። ምን ትበል? "አልመለሰችም… አልመለሰችም…" ተብሎ መጨረሻው "መማር አትችልም" ሆነ። ትምህርት ቤቱ ወሩ ሳያልቅ አዲስ ውጤት ካላየ ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል።

አባት ቸኩሎ ያወራል። "ትሰማኛለች እኮ! ሥራ ቦታ ስወስዳት፣ ቀለም ስበጠብጥ፣ ሳልነግራት የምፈልገውን ብሩሽ ታቀብለኛለች። ይሄ አለማወቅ ነው? እርስዎ ይፍረዱ!"

እናት ቦርሳዋን አቅፋለች። ሲወጡ ወደኋላ ቀረች። "እህቴ፣ ጎበዝ ናት ያለን አለ። ተስፋ የላትም ያለንም አለ። አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣል። አንቺ አታጽናኚኝ። እውነቱን ንገሪኝ።"

እሺ አልኳት። ምን ልበላት ሌላ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፈተንኳት!

መቼም እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክፍሉ ጸጥ። መጋረጃውን ዘግቼዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ከሥዕሉ በቀር ምንም የለም። ቃል አልወጣኝም፣ አንድም! ጎዶሎውን ነካሁ፣ መዳፌን አሳለፍኩ፣ ትከሻዬን ሰበቅኩ። ወዲያው ገባት። ጣቷን ቁራጮቹ ላይ ቀስ እያደረገች፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየጎተተች… ትክክል። ገለጥኩ። ትክክል። ከባዱ ክፍል ደረስን፣ ትልልቆቹ ልጆች የሚሳሳቱበት። ትክክል!

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በር ላይ አባቷ ቆሞ ሲጠብቅ ሳየው አላስቻለኝም። "ጎበዝ ናት! በጣም ጎበዝ!" አልኩት። አንስቶ አሽከረከራት። "እም! እም!" እያለች ሳቀች።

እናትየው ሥራ ላይ ነበረች፣ አልመጣችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አንድ ነገር እየቆረቆረኝ ነው።

ሥዕሉን አይታዋለች? ሳስበው… ትናንት የማስታውሰው ዓይኖቿን ነው። ትልልቅ፣ ቡናማ። ለምን ነው እንዲህ ጥርት ብለው የሚታዩኝ? እኔን ስታይ ስለነበረ ነዋ! ጣቷ ቁራጮቹ ላይ ይሄዳል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

ቤት እንደገባሁ ባሌን አስቀመጥኩት። "ሥዕሉን አትይ። እኔን ብቻ እያየህ ጣትህን ቀስ ብለህ አሳልፍ።"

"ሚስቴን እንዳይ ፈቃድ ተሰጠኝ ማለት ነው?" አለና ጀመረ። አንዱን ሳተ። ሌላውን ሁሉ አገኘ። ሥዕሉን ሳያይ!

"እንዴት አወቅህ?"

"ትክክለኛው ላይ ስደርስ ቅንድብሽ ይነሳል። ካለፍኩት ደግሞ ከንፈርሽን ትነክሺያለሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ በዚሁ ነው የምኖረው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ፊትም እንደዚያው ነው ለካ።

አሁን ምን ላድርግ? አባትየውን ነግሬዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጠዋት ለሐውልቱ ነገርኩት። ሐውልቱ የምንለው የመሥሪያ ቤታችንን አንጋፋ ፈታኝ ነው። ቀልድም ንገረው መርዶ፣ ፊቱ ያው ነው። ቅጽል ስሙን ሲሰማም ፊቱ አልተለወጠም አሉ።

"ታዲያ ውጤቱን ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ልተወው ብዬ አስቤ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ነው። ልጅቷ ቦታዋን ታገኛለች። አባትየው ደስ ብሎታል። ማን ያውቃል? ደግሞስ የሰው ፊት ማንበብ ብልህነት አይደለም? ይህንኑ አልኩት።

"ነው እንጂ። ትልቅ ብልህነት ነው" አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "ግን ክፍል ስትገባ ያንቺን ፊት ይዛ አትገባም።"



ከዚያ ተነጋገርን። የኔ ውጤት ይሰረዛል። ያየቻቸው ሥዕሎች እንዳይደገሙ ከሌላ ሳጥን ሌሎች ይወሰዳሉ። የሚፈትናትም እሱ ይሆናል። "እኔን አንብባ ምን ታገኛለች?" አለ። ቀለደ መሰለኝ። አልሳቀም ግን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ስልክ ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሳው አባት ነው፣ ድምፁ ገና ከሰኞ ደስታው አልወጣም። ነገርኩት። ሁሉንም። ፊቴ መልሱን ይነግራት እንደነበረ፣ ውጤቱ እንደማይቆጠር።

 ከኋላው መሰላል ሲጎተት ይሰማኛል።

"እና… አላወቀችም ማለት ነው?"

"አይደለም። ማወቋንም አለማወቋንም እኔ አላወቅሁም ማለት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው።"

"እርስዎ እኮ ጎበዝ ናት ብለውኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር። መቸኮል አልነበረብኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ስልኩን ዘጋው። አልፈረድኩበትም። ከሰዓት በኋላ እናትየው ራሷ ደወለች። ተቆጥታ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"ሰኞ እናመጣታለን። እሱ አኩርፏል፣ ይለቀዋል" አለች። ቀጥላም "እውነቱን ንገሪኝ ብዬሽ አልነበር? ነገርሽኝ" አለች።

ብዙ አለቀስኩ። ግን የከፋኝም አልመሰለኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እኔ ከውጭ፣ ከወላጆቿ ጋር። የሐውልቱ በር ላይ ትንሽ መስታወት አለች፣ በእሷ አጮልቃለሁ። አባትየው ከኋላዬ፣ በትከሻዬ ላይ። እናትየው አግዳሚው ላይ፣ ማየት አልፈለገችም። "ንገሩኝ ብቻ" አለች።

ሚጢጢ ተቀመጠች። ሐውልቱ ገለጠ፣ ነካ፣ መዳፉን አሳለፈ። ጣቷን ዘረጋችና እንደለመደችው ፊቱን አየች።

ምንም።

ጣቷ ሄደ፣ ተመለሰ። አንገቷን አዘነበለች። ከመነጽሩ ሥር አየችው። ተነስታ በጎን አየችው! እሱ እንደ ግድግዳ። እኔ ሳቄ መጣ፣ አባትየው ግን ክርኔን ጨብጦ ይዞኛል።

ያኔ ተነፈሰች። በረዥሙ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ቁጭ አለች። ዓይኗንም ወደ ሥዕሉ አወረደች።

ቆየች… በጣም ቆየች። የሥዕሉን ግማሽ በመዳፏ ከለለች። አነሳች። እንደገና ከለለች። ከዚያ ጣቷ ቀጥ ብሎ አንዱ ቁራጭ ላይ አረፈ። አልጎተተችም፣ አልፈለገችም። አረፈ።

"ምን ሆነች? ምን ሆነች?" አለች እናትየው።

"እያየች ነው" አልኳት።

"ማንን?"

"ሥዕሉን።"

የሳተችው አለ፣ ከዚህ ሆኜም አይቻለሁ። አንዱን ስታ፣ አስባ፣ ተመልሳ ያስተካከለችውም አለ። ስትጨርስ ሐውልቱ እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው። ሁለቱም ኮስተር ብለው፣ ውል እንደተፈራረሙ ነጋዴዎች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ውጤቱን ነገርናቸው። ሐውልቱ እኔ እንድናገር ተወልኝ።

እኔ ስፈትናት ያገኘችውን ያህል አይደለም። ታምር አይደለም። ማሰቧ፣ የሥዕሉን ሥርዓት ፈልጋ ማግኘቷ፣ ከእኩዮቿ እኩል ነው። አንድ ሁለት ቦታ እንዲያውም ላቅ ትላለች። ችግሩ ሐሳቧን የምታወጣበት በር ነው እንጂ ሐሳቧ አይደለም። ይህ ፈተና ሁሉን አይናገርም፣ ይህን ያህሉን ግን በእርግጠኝነት ይናገራል። እንዲህ አልኳቸው። ቅንድቤን ይዤ።

አባትየው እንዳይከፋው ፈርቼ ነበር። ያን ሰኞ ሰማይ ሰቅዬለት… እናትየው ግን ጎንበስ አለች።

"እኩል?"

"አዎ።"

"ከእኩዮቿ እኩል? ከጎረቤቴ ልጅ እኩል? ክፍል ውስጥ ከምትቀመጠው ከማንኛዋም ልጅ እኩል?"

"እኩል።"

"ብልጫ እኮ ለምኜ አላውቅም" አለች ለባሏ ዞራ። "እኩል ብቻ ነው የለመንኩት።" ነጠላዋን… አይ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች። እሱ በሰማያዊ ጥፍሮቹ ጀርባዋን ያሻሻል። ሚጢጢ ወለሉ ላይ የእንጨት ቁርጥራጮቹን ደርድራ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ምን ሲከራከሩ እንደኖሩ አያሳስባትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትምህርት ቤት ሄድን፣ እኔና ሐውልቱ። ርዕሰ መምህሯ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፈርታለች። "ካልተናገረች መረዳቷን በምን አውቃለሁ? አስተማሪዋ ምን ታድርግ?" አለች። ልክ ናት እኮ።

ሐውልቱ አንድ ሥዕል ፊቷ አስቀምጦ ጎዶሎውን ነካ፣ መዳፉን አሳለፈ፣ ትከሻውን ሰበቀ። ደነገጠች። ከዚያ መነጽሯን ፈለገች። ጎንበስ ብላ ቆየችና አንዱን አሳየች። ትክክል ነበረች።

"ሳላወራ ገባኝ" አለች።

"እሷም እንዲሁ" አለ። በቃ፣ ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን አወራ ነበር።

እስከ መንፈቀ ዓመቱ ይሞከር ተባለ። የንግግር ባለሙያዋ የሥዕል ሰሌዳ ትሠራላታለች፣ እሱን በጣቷ እያሳየች ትናገራለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሰሌዳው ተሰጣት። አባት፣ እናት፣ ውሃ፣ መብላት፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም… ሙሉ ቀን ያሳየችው አንዱን ብቻ ነው። "አልፈልግም።" ሰባት ዓመት የተጠራቀመ አልፈልግም ነው አሉ። አባትየው ደውሎ ነው የነገረኝ። ታርቆኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

በትምህርት ቤቱ በኩል አልፌ በመስኮት አየኋት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ሰሌዳውን ተውሳ በጣቷ እያሳየች ታወራታለች። አስተማሪዋ ሁለቱንም "ጸጥ!" አለቻቸው።

ሚጢጢን ጸጥ በይ!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ልብስ እያጠብኩ ስልክ ጮኸ። የሚጢጢ እናት። ትጮኻለች፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። እጄን ሳላደርቅ ነው ያነሳሁት። ምን ሆነች ልጅቱ?

"ዋሸችኝ!" አለች።

"ማን?"

"ልጄ! ዋሸችኝ እኮ! የማር ማሰሮውን ገልብጣ ጨርሳዋለች። አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። 'ማን በላው?' ስላት ሰሌዳዋን አመጣች፣ ምን ብታሳየኝ ጥሩ ነው? 'አባት።' ቀጥላ 'መብላት።' ዓይኔን እያየች! ቅንጣት ሳታፍር! ፊቷ ደግሞ እንደዚያ ሽማግሌያችሁ፣ አንድ ነገር አይነበብበትም!"

እየሳቀች ነው እያለቀሰች… አልለየሁትም። እኔስ የቱን እያደረግሁ ነበር?

"ምን አልሻት?"

"ተቆጣኋት ነዋ! 'ውሸታም!' ብዬ ጮህኩባት። ተከራከረችኝ፣ 'አይደለም፣ አባት፣ አባት' እያለች። ከልጄ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ እህቴ! እንደ ማንም እናት! ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና…" አልጨረሰችውም።

"አባትየውስ? ተከስሶ ምን አለ?"

"እሱማ ጎበዝ! ፊቷ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ 'አዎ፣ እኔ ነኝ የበላሁት' ብሎ አመነ። አሁን ሌላ ማር ሊገዛ ወጥቷል።"