በለቅሶህ ደረቴን አልመታሁም

ሙልዬ፣ የቤቴ አባት፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ቤታችን ደህና ነው። ክረምቱ ሳይገባ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አስቀየርኩ። ነጭ ሽንኩርት አሁንም ከዳባት ወደ ደባርቅ አመጣለሁ፤ ከረጢት ግን አልሸከምም፤ ቦርሳዬንም የማንጠለጥለው በቀኝ ትከሻዬ ነው።

ግራ ደረቴ ውስጥ የተቀበረው ማሽን ካንተ በኋላ ሁለት ጊዜ መታኝ። ልቤ ሲዛባ በኤሌክትሪክ መትቶ እንደሚመልሰው ከኔ በላይ የምታውቅ አንተ ነህ። አንተ በሕይወት እያለህ መጀመሪያ የመታኝ ዕለት ዳባት ገበያ ላይ በቅሎ የረገጠችኝ መስሎኝ ዞሬ ስሳደብ፣ እጄን ይዘህ "በቅሎ የለችም፤ ቁጭ በይ" አልከኝ። የሐኪሙን ትእዛዝ በቃልህ ይዘኸው ነበር፦ አንዴ መትቶኝ ደህና ከሆንኩ አርፌ መደወል፤ ከደጋገመኝ ወይም ራሴን ከሳትኩ ሳንዘገይ ሆስፒታል መሄድ። አሁን ቀኑንና ምን እየሠራሁ እንደመታኝ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። ሲጻፍ ፍርሃቱ ይቀላል።

በለቅሶህ ቀን ደረቴን አልመታሁም፣ ሙልዬ። እጄን አንስቼ ነበር። "ቀድሜሽ ብሞት ማሽኑን እንዳትደበድቢብኝ" እያልክ የምትቀልደው ትዝ አለኝና እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። እህትህ እትየ ጥሩነሽ "ልቧም እንደ ሚዛኗ ብረት ነው" ስትል ሰማኋት። ደንበኛ እንዳይሸሸን ብለን ሕመሜን ከዘመድም ደብቀን የለ? ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

በአርባህ ማግስት ከእትየ ጥሩነሽ ጋር ዕቃ ስናጥብ መታኝ። ክንዷ ክንዴን ነክቶ ስለነበር እሷም ዘለለች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠባሳዬንም አሳየኋት። "አንች እብድ፣ ይህን ይዘሽ ነው ያን ሁሉ ሐሜት የዋጥሽው?" አለችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታኝ እጄን ይዛ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት፣ ልክ እንዳንተ።

ባለፈው ወር፣ በስድስት ወርህ፣ መቃብርህ አጠገብ ቆመን ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ያንችንም እኔ እመታለሁ፤ አንች ስሙን ጥሪ" አለችኝ። ደረቷን መታች። እኔም ጠራሁህ።

ለሙት ዓመትህም፣ ከዚያም ወዲያ፣ ልቤ በራሱም ይሂድ ተመትቶም ይሂድ፣ ስምህን እጠራለሁ።