ጀርመኖቹን ማሪልኝ

ፒያሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 2025)

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አራተኛ ፎቅሽን ሳታርፊ ትወጫለሽ ወይስ አሁንም ሦስተኛው ላይ ቆመሽ፣ ጎረቤት የምትጠይቂ መስለሽ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ? እኔ የጊዮርጊስ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ቢሮዬም ደህና ናት። ዙሪያዋ ሁሉ ፈርሶ እሷ ብቻ ከወርቅ ቤቱ በላይ እንደተንጠለጠለች አለች።

አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ያለፈው እሑድ ነዋ ያመጣው። ጆሮሽ አልሰማ ስላለሽ እኔ እጮኻለሁ፤ እኔ ስጮህ አንቺ የተቆጣሁ ይመስልሽና ትብሽኛለሽ። ደረጃውን ስወርድ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ «አይዞህ ወንድሜ፣ ልጅቷን ይለቋታል» አለችኝ። ያን ጊዜ ብሎኩ በሙሉ ጉዳያችንን እንደሰማ ገባኝ። ወረቀት ግን አይጮህም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

ነገሩ ያው የፀደንያ ነው። ልጅሽ የተጫዋቾች ወኪልነት ፈተናውን አልፋለች። በሚመጣው ወር ከእኔ ጋር ስዊድን ሄዳ የራጉኤልን ውል እንድታስፈርም እፈልጋለሁ። ራጉኤል ማለት ያ ስታይው «ይሄ ልጅ ምሳ በልቷል?» ያልሽው ቀጭኑ የክንፍ ተጫዋች ነው። አንቺ ደግሞ «አንተን ያስለቀሱህ ይበቃል፣ ልጄን አልሰጣቸውም» አልሽ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ብትፈልግ ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ትችላለች። ግን ያንቺ ምርቃት ሳይኖር እግሯን እንደማታነሳ እኔም አንቺም እናውቃለን። ያንቺው ልጅ አይደለች?

አስለቀሱህ የምትያቸው ጀርመኖቹን ነው። ያን ዓመት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሺዋለሽ። ሰማንያ ስምንት ነበር፣ እኔም ሃያ ዓመቴ። ሁለት ጨዋታ ቆሞ ያየኝ ጀርመናዊ ለአሰልጣኛችን ለጋሽ ተስፋልደት አንድ ቅጽ ሰጣቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ታቦት አክብረው ዶሮ ማነቂያ ያለችው አንዲት ክፍላችን ድረስ ይዘውት መጡ። ማን ይሙላው ተብሎ አልተመከረም። በሰፈሩ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ጽሑፉም የሚያምር ታይፒስት ካንቺ ሌላ ማን ነበር? እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ተቀመጥሽ። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅብሽ እኔን ከቤት አስወጣሽኝ። ደጅ ቆሜ በበሩ ቀዳዳ አይሽ ነበር፤ አንድ ቃል በጻፍሽ ቁጥር ታማትቢ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። «እናመሰግናለን፣ የምንፈልገው ዓይነት ተጫዋች አይደለም» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ አለቀስኩ። አንቺ ግን አላለቀስሽም። «ጥቁር ስለሆንክ ነው፣ ሌላ ምን አጣህ?» ብለሽ ደብዳቤውን ቀዳደድሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀርመን ቡድን ሲሸነፍ እልል ትያለሽ። ብራዚልን ሰባት ያገቡባት ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቅለሽ፣ እራትም ሳትበዪ ተኛሽ። እኔን ብለሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ አገር የተጣላሽ ሴት ነሽ። እንዲህ የወደደኝ ሌላ ሰው የለም።

አልዋሽሽም፣ ጥቁር በመሆኔ የቀረብኝ ነገር አለ። ጉልበቴ ተሰብሮ ኳስ ካቆምኩ በኋላ ይህን ሥራ ስጀምር እዚህ ሰፈር የሚያውቀው አልነበረም። በሩ ላይ «ኤጀንሲ» የሚል ስላነበቡ ስንት ሴቶች ፓስፖርታቸውን ይዘው «ቤሩት ነው ዱባይ?» እያሉ መጥተዋል። ወርቅ ቤቱ ያሉት እስከ ዛሬ ደላላው ነው የሚሉኝ። ያ ግን ሳቅ ነው። መጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ ለድርድር ስገባ ሰዎቹ ጨበጡኝና ከኋላዬ በሩን ያዩ ጀመር። «ወኪሉ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ። ወኪሉ እኔ ነኝ ስላቸው አንዱ ሳቀ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቁር ሰው ኳስ ሲመታ እንጂ ውል ሲያነብ አይተው አያውቁም። ያን ቀን ሆቴል ገብቼ ላንቺ ልደውል ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። እንደማትለቂያቸው አውቃለሁና።

አሁን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርሽ፤ ልጅሽ ጉራ ስለማታውቅ አልነገረችሽም። ማክሰኞ ከስዊድኑ ክለብ መልእክት መጣ። ራጉኤል በፓስፖርቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ራሱ በላከው ቅጽ ላይ ግን ሃያ ሰባት ይሆናል፤ ዕድሜ ተጭበርብሯልና ድርድሩ ቆሟል ይላል። እኔ ገና መነጽሬን ስፈልግ ፀደንያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ «አጎቴ፣ እናቱ ናት የሞላችው፤ 1998 ያለችው የኛን ነው» አለች። ፈረንጆቹ 1998ን ሲያዩ የራሳቸው መስሏቸው ቆጥረዋል፣ ልጁን በአንድ መስመር ስምንት ዓመት አስረጅተውታል።

በቪዲዮ ደወለችላቸው። ሰውየው «አለቃሽን አቅርቢልን» አላት። «አለቃዬ አጠገቤ ነው፣ ጉዳዩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ» ብላ ቀጠለች። እኔ ማኪያቶዬን ፉት አልኩ። የዘመን አቆጣጠራችንን አስረዳች፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን አሳየች፣ ከዚያ ሰውየው አጭበርባሪ ያለበትን ደብዳቤ በጽሑፍ እንዲያነሳ ጠየቀች። አነሳው፣ ይቅርታም ጨመረበት። በመጨረሻ «ስህተቱ የማን ነው?» አላት። ልጅሽ ምን አለች መሰለሽ? «የቢሮአችን ነው» አለች። የእናቲቱን ስም አላነሳችም።

እናትየው አልጋነሽ በማግስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። «የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ ልቆርጥበት ነበር» እያለች አለቀሰች። ቅጹን አውጥቼ አሳየኋት። ፊደሉ ተለቅሞ የተቀመጠ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። «እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈ ሰው ልጁን ከመውደድ በቀር ምን አጠፋ?» አልኳት። ልጁ ቢያውቅም እንደማይቀየማት፣ ባይሄድ እንኳ እንደማይቀየማት ነገርኳት። በምን ታውቃለህ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ፀደንያ እንዲያ ቶሎ ያየችው አዋቂ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሕግ አለ፤ መጥተሽ አታይልኝም እንጂ። «የልደት ቀን ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በኛም፣ በፈረንጆቹም» ይላል። ከሥራ አልፎ ለደብዳቤም ልማድ ሆኖብኛል፣ ከላይ እንዳየሽው። የለጠፍኩት ጋሽ ተስፋልደት ካረፉ በኋላ ነው፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ባለቤታቸው በአርባቸው ማግስት የድሮ ወረቀቶች ያሉበት ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ የዚያ የጀርመኖቹ ቅጽ ግልባጭ ነበር። እታለም፣ እንዴት ያለ ጽሑፍ ነበረሽ! ምኒልክ አደባባይ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የልደት ቀኔ ጋ ስደርስ ደግሜ አየሁት። ከዚያ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ቢሮ ገባሁና ሕጉን ጻፍኩ። ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ልጆች ልኬአለሁ፤ አንዱም በቀን ጉዳይ አልቀረብኝም። ደግሞ ተመልሼ ሳስበው፣ ያን ጊዜ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ፀደንያ ስትወለድ ያቀፋት ማን ነበር? አባቷ ሲሞትብሽስ ከማን ጋር ታለቅሺ ነበር? የቀረብኝን ቆጥሬ አውቃለሁ፤ ያልቀረብኝ ይበልጥብኛል። ይህን የምለው ላጽናናሽ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጀርመኖቹን ማሪልኝ። ሌሎቹን ፈረንጆች አልልሽም፣ ከኋላዬ በር የሚያዩትን እንደፈለግሽ ርገሚያቸው፣ እኔም አሜን እላለሁ። እነዚህን ግን ማሪያቸው። እነሱ የመለሱት ያነበቡትን ነው።

ፀደንያ ያን ዕለት ሰውየውን ካሸነፈች በኋላ «አጎቴ፣ ይህን ሕግ ማን አስተማረህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ ናት አልኳት። ስትኮራ ብታያት! እንደኮራች ትኑር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የቪዛ ማመልከቻዋን ልኬልሻለሁ። ሌላውን ሁሉ ሞልታዋለች፣ የልደት ቀኗን ቦታ ግን ባዶ እንድትተወው ነግሬያታለሁ። እጅሽን ታጥበሽ አንቺ ሙዪልኝ፣ በዚያ ጽሑፍሽ። ካንቺ የተሻለ የሚሞላው ሰው አላውቅም። እምቢ ካልሽም ባዶውን መልሺው፣ አልቀየምሽም።

እመብርሃን ጆሮሽንም ጉልበትሽንም ትማርልኝ። የልጅ ልጅ አቅፈሽ እልል ለማለት ያብቃሽ፤ እንደ ልማድሽ ለኳስ ብቻ እንዳይሆን። እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ። አልጮህም።

በእጅሽ ያደግሁት
ታናሽ ወንድምሽ