አንዴ ብቻ የሰፋሁት ጠርዝ

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ሥራ በዝቶበት ትንሽ ከሳ እንጂ ጤናው ደህና ነው። የእኔም ጉልበት እንደምታውቂው ነው፤ ሲያሰኘው ይታዘዘኛል፣ ሲያሰኘው ያኮርፈኛል። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ በስልክ ሲሆን "ሁሉም ደህና ነው እማ" ትይኝና ቶሎ ወሬ ስለምታስቀይሪኝ ነው። ወረቀት አያቋርጠኝም።

ሰሞኑን ቤታችን ሰላም አልነበረም። ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለፈው ወር ባለ መጋረጃ ሱቋ ሥራ ልታዝዘኝ መጣች። የወንድምሽ ሚስት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቆቹን በየቀለማቸው ትለያለች። ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ የአንድ አልጋ ልብስ ፎቶ አሳየችኝና "እንዲህ ያለ ጠርዝ ይስሩልኝ፤ አንዲት ደንበኛዬ ቤት አይቼው ልቤ ቀረ" አለችኝ።

ልጄ፣ ያንቺ ጠርዝ ነው! ለሠርግሽ የሰፋሁት፣ ሐረጉ እየተጠማዘዘ አራቱንም ዳር የሚዞረው። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ ውጭ አይተው፣ በየማዕዘኑ አንዲት ቅጠል ብቻ ወደ ተኚው የምትዞርበት። እሱን ከአንቺ በቀር ለማንም ሰፍቼ አላውቅም። ቅጠሎቹን የቆረጥኩበትን ካርቶን እንኳ ማንም እንዳይደግመው ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

"ማን ሰፋው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ፤ እርስዎ መስለውኝ እኮ ነው።"

ዞር ስል ምራቴ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። ነገሩ ያን ጊዜ ሸተተኝ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ቀና የማይል ሰው አለ?

ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። ካርቶኑ ቦታው ላይ ነው፤ ግን እኔ በጀርባው ያስቀመጥኩት በፊቱ የተገለበጠ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበልሽ፣ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን በዓይኔ እመዝናለሁ። ስልክ ይዛ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ከበሩ ጀርባ ነኝ። ከእናቷ ጋር ስለ ጥርስ ሕመም ስታወራ ሰምቼ እንኳ "ይሄ የምሥጢር ቋንቋ ይሆናል" አልኩ። ሳቂብኝ፤ ወንድምሽም ቢሰማ ይስቃል።

ኋላ ወጥመድ አዘጋጀሁ። አዲስ ጠርዝ ነደፍኩ፤ ሦስት ማዕዘኖች እንደ አጥር የሚደረደሩበት። ሆን ብዬ ግን ልኩን ከአልጋ ልብሱ ዳር ወሰድኩ። የጠርዝ ልክ በልብሱ መሃል ላይ ነው የሚወሰድ፤ ዳሩ ሲጎተት ሲሰፋ ይለጠጣልና ይዋሻል። በሱ ልክ የቆረጡት ጠርዝ ኋላ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሰርቃ ከሸጠችው፣ የተሸበሸበ ጠርዝ አንዱ ሱቅ ውስጥ ይሰቀላል፤ እኔም እይዛታለሁ ብዬ።

ስመለስ ቆርጣ ጨርሳዋለች። "እማዬ፣ ልኩን ከዳር ወስደውት ነበር፤ ደክሞዎት ነው መሰለኝ። በመሃል ለክቼ አስተካከልኩት" አለችኝ። ማዕዘኖቹም ልክክ ብለው ገጥመዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ጠረጠርኳት። ይህን ያህል ካወቀች ያንቺን ጠርዝ መስፋት ምን ያቅታታል?

እሑድ ምሳ ላይ አልቻልኩም። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አልኩ፣ ሳህኔን እያየሁ።

"ለእኔ ነው?" አለች።

"ለሰማ ነው። የልጄን ጠርዝ ለማን ሸጥሽው?"

የወንድምሽ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እሷ አላለቀሰችም፤ ተነስታ ሹራቧን ለበሰች። "ይነሱ፣ ዕቃው ያለበት ቤት እንሂድ። የኔ የእጅ ሥራ ከሆነ ከዚያው በር ላይ ወደ ወላጆቼ እሄዳለሁ" አለችኝ።

ባለ ሱቋ አድራሻውን ሰጠችንና ሄድን። ባለቤቲቱ አንቺ ካለሽበት ከተማ በቅርቡ የተመለሰች፣ ጨዋ ሴት ናት። አልጋ ልብሱ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል። የምራቴን ስፌት ፍለጋ ነበር የጎነበስኩት፤ እሷ ጥቅጥቅ አድርጋ ነው የምትሰፋው፣ ያ ግን የኔው ረዘም ያለ ስፌት ነው። ከዚያ ሐረጉን ዳሰስኩት። ከአባትሽ ባለ መስመር ሸሚዝ በሰያፍ የቆረጥኩት ነው፤ ኪሱ የነበረበት ቦታ ዛሬም ጠቆር ብሎ ይታያል። ንድፍ ይሰረቃል፤ የሟች ሸሚዝ ግን ሁለት ጊዜ አይቆረጥም። ቅጂ አልነበረም ልጄ፤ ራሱ ያንቺው ነው።

"ከየት አገኙት?" አልኳት።

"እዚያ ሳለሁ፣ ልመጣ ሰሞን ነው። አንዲት ወጣት የቤት ዕቃዋን ደጅ አውጥታ ትሸጥ ነበር፤ ቤት ልትለቅ ነው መሰለኝ። ብቻዋን ነበረች። አጣጥፋ ልትሰጠኝ ስትል ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። አሳዘነችኝና 'ይቅርብኝ፣ ላንቺ ይሁን' ብላት፣ 'ማስቀመጫ ቦታ የለኝም' አለችኝ።"

ሻጯንም ጠረጠርኳት፤ ካንቺ ሰርቃው ይሆናል አልኩ። "ልጅቷ ምን ትመስላለች?" ብላት "እንጃ፣ ስትናገር አንገቷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል ታደርጋለች" አለችኝ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲያ ነሽ።

መንገድ ስንሻገር ምራቴ ክንዴን ያዘችኝ። "በደልኩሽ" አልኳት። "ለልጅዎ ሲሉ ነው" አለችኝ። ቅሬታው ገና አልወጣላትም፤ ሻዬን ትሰጠኛለች፣ ዓይኗን ግን አትሰጠኝም። ይገባኛል፣ እጠብቃታለሁ። ለወንድምሽ ያለችው "ተሳስተው ነው" ብቻ ነው። የቀረውን እኔና እሷ ሆድ ይፍጀው ብለነዋል።

ከዚያ ወዲህ ግን አንቺ ደውለሽልኛል። "አልጋ ልብሱ እንዴት ነው?" ስልሽ "አልጋችን ላይ ነው እማ፣ እሱም ይወደዋል" አልሽኝ። ባልሽን አቅርቢልኝ ስልሽ አንዴ ሥራ ላይ ነው፣ አንዴ ተኝቷል። በቪዲዮ ስታናግሪኝም ፊትሽን ብቻ ነው የማየው፣ ከኋላሽ ባዶ ግድግዳ። ያ ግድግዳ የማን ነው ልጄ? ድሮ ከኋላሽ ሰማያዊ መጋረጃ ነበር። ጠርጣራ እናት አለችኝ ብለሽ አትቀየሚኝ። ይህን ጻፍኩት እንጂ መልሺልኝ አልልሽም።

አሁን ሌላ እየሰፋንልሽ ነው፣ ሁለታችንም። መሃሉ ሊያልቅ ነው፤ የጎደለውን ስፋት ጠርዙ ይሞላዋል። ንድፉን እሷ ናት ያወጣችው፤ ሞገድ የመሰለ፣ ቀጥ ያለ መስመር የሌለበት። ጠርዝ ግን ያለ ልክ አይቆረጥም። ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ የአልጋሽን ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ። የአንድ ሰው ከሆነ የአንድ ሰው፣ የሁለት ከሆነ የሁለት። አልጋ ባይኖርም የፍራሹን። ምክንያት አትጻፊ፣ ቁጥሩ ይበቃኛል።

እዚህ ክፍልሽ ውስጥ ላለው አልጋሽ ከሆነ ግን መለካትም አያስፈልግሽ፤ ልኩ እኔ ዘንድ አለ።

የምታንኳኪውን በር ሁሉ ደግ ሰው ይክፈትልሽ። ትራስሽ እንባ አይወቅ፤ ብርድም ያለ እኔ ፈቃድ አይንካሽ።

ምንም ያልሰማችው
እናትሽ